ሀዋሳ ብለን ተነስተን ፒያሳ ላይ የረፈደብን ቀን

በመኪና ረጅም መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትወጡ ያሰባችሁ፣ በተለይ ደግሞ ከጎናችሁ የሚቀመጠው ሰው «እርስዎ» የምትሉት ታላቅ ከሆነ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ሀዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማልዶ የወጣ ሰው ምሳውን ሐይቁ ዳር ይበላል። እኔና እትዬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከቤት ወጥተን ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ገና ተክለሃይማኖት ነበርን። ያውም ያለ አደጋ፣ ያለ ዝናብ፣ መኪናውም ሳይበላሽ።

እትዬ ጎረቤቴ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራቸው እንደዚሁ ስለሆነ ስማቸውን ብጽፈው እንኳ ማንም አያውቃቸውም። ቤታችን አፍንጮ በር አካባቢ ነው። ሀዋሳ ያለችው ልጃቸው ከወለደች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛ ነበር፣ እሳቸው ግን ኃይለኛ ጉንፋን ይዟቸው «በዚህ ሳል ጨቅላው አጠገብ አልደርስም» ብለው ቀሩ። እኔ ደግሞ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስጄ፣ የወንድሜን ቪትዝ ለምኜ፣ ሀዋሳ ሄጄ እንቅልፌን ልተኛ እያሰብኩ ነበር። ነገሩ ቡና ላይ ተነሳ። «እንግዲያው አብረን ነዋ!» አሉ። እኔም ደስ አለኝ። ብቻዬን ከምነዳ ሰው ጎኔ ቢኖር ይሻለኛል፣ የእትዬ ጨዋታ ደግሞ ከሬዲዮ ይበልጣል።

«ስንት ሰዓት እንነሳ?» አልኳቸው።

«ማለዳ ነዋ፣ ፀሐይ ሳትወጣ።»

ተስማማን። የመጀመሪያው ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ስለ መነሻ ሰዓቱ ተነጋገርን እንጂ ቀኑ እንዴት እንደሚውል አልተነጋገርንም። እኔ «መነሳት» ስል ሞተር አስነስቼ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ሳልቆም መሄድ ማለቴ ነው። እሳቸው «መነሳት» ሲሉ ከቤት መውጣት ማለታቸው ነው። ከቤት ከወጡ በኋላ የሚደረገው ደግሞ ሌላ ነው። አብሯችሁ የሚሄደውን ሰው «ስንት ሰዓት?» ብቻ አትበሉት። «መንገድ ላይ የት የት ማለፍ አለብን? የምታደርሰው ዕቃ አለ? የምትሰናበተው ሰው አለ?» ብላችሁ ማታውን ጠይቁ። እኔ ይህን ብጠይቅ ኖሮ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አተርፍ ነበር።

12 ሰዓት ላይ በራቸውን ሳንኳኳ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቆመው ጠበቁኝ። አፈርኩ፣ አረፈዱ ብዬ ላማ ተዘጋጅቼ ነበር። ከኋላቸው ግን የዕቃ ተራራ አለ። የገንፎ ዱቄት፣ የአጥሚት እህል፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድፎ ዳቦ፣ አንድ ፌስታል ቆሎ፣ የሕፃን ብርድ ልብስ፣ እና በትልቅ ባልዲ ሙሉ ቅቤ። ቅቤ! ሲዳማ ምድር! «እትዬ፣ እዛ እኮ ቅቤ ሞልቷል» አልኳቸው። «የኔን የመሰለ አይደለም» አሉና ነገሩ አለቀ። ቪትዝ ያላችሁ ታውቃላችሁ፣ የኋላው ኮፈን ሁለት ሻንጣ ከያዘ ጠገበ። ሁሉን አውጥቼ፣ መልሼ፣ የኔን ሻንጣ ኋላ ወንበር ላይ አድርጌ፣ 40 ደቂቃ ሄደ። በነገራችን ላይ ቅቤውን ኋላ ከተትኩት፣ ከሰዓት ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ስንገባ ምን እንደሆነ መገመት ነው። ሳይነጠር ነጠረ። ቅቤ የምትይዙ ከሆነ ወለሉ ላይ፣ ፀሐይ በማያገኘው በኩል፣ ክዳኑን በላስቲክ አስራችሁ አስቀምጡት።

ተነስተን ፒያሳ ስንደርስ «እዚህች ጊዮርጊስን ተሳልሜ ልምጣ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አሉ።

ምን ይባላል? የአራስ ልጇን ልትጠይቅ የምትሄድ እናት፣ ያውም ጎበዝ የማይባል ሾፌር ይዛ፣ አትሳለሚ ይባላል? ቆምኩ። ረስቼው የነበረው እሁድ ጠዋት ቅዳሴ መኖሩን ነው። ቅዳሴ ተገብቷል። ቅዳሴ የገባ ሰው ደግሞ ደርሶ ውልቅ አይልም።

አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቅኩ። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ፒያሳ እንደ ድሮው ጥግ ይዞ መቆም የለም። ትራፊኩ ሁለት ጊዜ አስነሳኝ፣ ሁለቴ ዞሬ መጣሁ። ሦስተኛው ላይ ራቅ ብዬ መቆሚያ ከፈልኩና በእግሬ ተመልሼ በሩ ላይ ቆምኩ። ከጊዮርጊስ ማዶ በ2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። ሲሠራ «ዓድዋ ዜሮ ኪሎ ሜትር» ነበር የሚባለው፣ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄደው መንገድ ርቀት ከዚህ አካባቢ ነው የሚቆጠረው ስለሚባል። እዛ ቆሜ ሳስበው ሳቄ መጣ። 275 ኪሎ ሜትር ልነዳ ወጥቼ ዜሮው ላይ ቆሜአለሁ።

በዚህ መሀል የእትዬ ስልክ እኔ ጋ ጠራ፣ ቦርሳቸውን ትተውልኝ ስለነበር። ልጃቸው ናት። አላነሳሁትም። ምን ልበላት? እትዬ ፊታቸው በርቶ፣ ጸበል ለሁለታችንም ይዘው ሲወጡ ስልኩን ሰጠኋቸው። ደወሉላት። «መንገድ ላይ ነን የኔ ልጅ» አሉ። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ዋሹ እንዳልል፣ እውነትም መንገድ ላይ ነበርን።

ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል የያዝነው። የኔ ሐሳብ በለገሃር ጎተራ፣ ከዛ ቃሊቲ፣ ከዛ ቱሉ ዲምቱ ነበር። እሁድ ስለሆነ መንገዱ ጭር ይላል ብዬ ቀኑን የመረጥኩትም እኔው ነኝ። ጥቁር አንበሳን አልፈን ብሔራዊ ቴአትር ሳንደርስ መኪናው ሁሉ ተደርድሮ ቆሟል። ወደ ፊት የለም። ከታች የታምቡርና የፊሽካ ድምፅ ይሰማል። አንዱን ባለ ላዳ «ምንድነው?» ስለው እንደ እንግዳ አየኝና «ታላቁ ሩጫ ነዋ!» አለኝ።

ታላቁ ሩጫ! ከ1994 ዓ.ም ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ላይ፣ እሁድ ቀን፣ መነሻው መስቀል አደባባይ። ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይሮጥበታል። ራሴም አንድ ዓመት ቲሸርቱን ገዝቼ ግማሹን ሮጬ ግማሹን እየጨፈርኩ ጨርሻለሁ። ግን የጉዞ ቀን ስመርጥ ትዝ አላለኝም። የሚዘጉትን መንገዶች ፖሊስ ቀደም ብሎ ነው የሚናገረው፣ በሬዲዮም በፌስቡክም ይወጣል። ቅዳሜ ማታ አንድ ደቂቃ ሰጥቼ ብፈልግ አገኘው ነበር። በወር አንዴ መንገድ ለመኪና የሚዘጋበት «መንገድ ለሰው» የሚባለው እሁድ አለ፣ መስቀልና ጥምቀት አለ፣ የእንግዳ አጀብ አለ። ከመሀል ከተማ የምትነሱ ከሆነ መንገዱ ከመስቀል አደባባይ እስከ ሜክሲኮ ክፍት መሆኑን ሳታረጋግጡ እንዳትተኙ። አገር አቋራጭ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ የሚረፍደው ክፍለ ሀገር ገብቶ አይደለም፣ እዚሁ ነው።

እኔ መሪውን ጨብጬ ስበሳጭ እትዬ በሩን ከፍተው ወረዱ። ቀና ብዬ ሳይ አጥሩ ጋ ቆመው ያጨበጭባሉ። ሰው እየሮጠ፣ እየዘፈነ፣ ውሃ እየተራጨ ያልፋል። ትንሽ ቆይተው ተመልሰው መጡና ፌስታል ይፈልጋሉ።

«ምን ፈለጉ እትዬ?»

«ቆሎዋን። ልጆቹ ደክሟቸዋል።»

ለሯጭ ቆሎ! እንዲህ ብላችሁ ትስቃላችሁ እንጂ የወሰደ አለ። አንዱ ወጣት እፍኝ ሙሉ ተቀብሏቸው «እናቴ ይባርኩኝ» ብሎ ሄደ። እኔም ወረድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ከዛ ቀን ውስጥ በጣም ደስ ያለኝ ያ ግማሽ ሰዓት ነው። ስናደድ ብውል ኖሮ መንገዱ ቀድሞ አይከፈትልኝም።

ቆመን ሳለ ቻርጀሬን ልፈልግ የኋላውን ኮፈን ከፈትኩ። ዕቃውን ሳነሳሳ ምንጣፉ ተገለበጠና ተቀያሪው ጎማ ታየኝ። በእጄ ጫን አልኩት። ገባ። ትራስ ነው የሚመስለው። ፈጣን መንገድ ላይ ሳይሆን እዚህ ስላየሁት ታላቁ ሩጫን አመሰገንኩ።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «አዎ፣ እሱ ከሰኔ ጀምሮ ተንፍሷል፣ አልነገርኩሽም እንዴ?» አለኝ። አልነገረኝም። ተቀያሪ ጎማ ማለት ከነመፈጠሩ የምንረሳው ዕቃ ነው። አርብ ዕለት የሞተር ዘይት፣ ውሃ፣ ፍሬን፣ መብራቱን ሁሉ አሳይቻለሁ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ቦሎው ያለቀ እንዳይሆን፣ ሁሉን አይቻለሁ። መኪናው በወንድሜ ስም ስለሆነ ውክልና ሁሉ አጽፌ ይዣለሁ። ኮፈኑን ከፍቼ ምንጣፉን ማንሳት ብቻ አልመጣልኝም።

ከቆምንበት እንደምንም ዞረን ወደ ተክለሃይማኖት ወጣን። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ቅርብ ስለሆነ አካባቢው ጎሚስታ አይታጣበትም፣ እሁድም ቢሆን። የመኪና ነገር ሁሉ በጣልያንኛ መሆኑ ሁሌ ይገርመኛል። ጎሚስታ፣ ክሪክ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሬቻ። ፒያሳም ራሱ የእነሱ ቃል ነው። አምስት ዓመት ይዘውን ሄዱ፣ ጎማ በቀየርን ቁጥር ግን ቃላቸውን እንቆጥራለን።

ጎሚስታው ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም፣ ግን ሥራውን ያውቃል። ጎማውን አንከባለለና ጠርዙ ላይ ያለውን ጽሑፍ አሳየኝ። «እዚህ ጋ አራት ቁጥር አለ፣ ታያለሽ? የመጀመሪያው ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ሁለተኛው ሁለት ዓመቱ።» 1512 ይላል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 በ15ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ይመስላል፣ መሬት ነክቶ ስለማያውቅ። ጎኑ ግን በጥፍር ስትነኩት የተሰነጣጠቀ ነው። «ይሄን ብነፋልሽ ይነፋል፣ ግን አትሄጂበትም» አለኝ። ይህን ቁጥር ሄዳችሁ የራሳችሁ ጎማ ላይ ፈልጉ፣ አምስቱም ላይ። ብዙዎቻችን የምናየው ጥርሱን ብቻ ነው።

ያገለገለ ግን ደህና ጎማ ነበረው፣ እሱን ገዛሁ። ዋጋ አልጽፍም፣ እስክታነቡት ይለወጣል። ከዛ «እስቲ አንዴ ራስሽ ፍቺው» አለኝ። ክሪኩን አወጣሁ። ክሪኩ አለ፣ ማዞሪያው የለም። ተዋስኩ። ዳዶዎቹን ልፈታ ስሞክር አንዱም አልነቃነቅ አለኝ፣ በማሽን ነው የተጠበቁት። መፍቻው ላይ ቆሜበት ሁሉ እምቢ አለ። ጎሚስታው እየሳቀ በማሽን ፈታቸውና በእጅ ልክ አጠበቃቸው፣ የማዞሪያ ብረትም ከዕቃው መሀል ፈልጎ ሰጠኝ። ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ጎማ በራሳችሁ እጅ ፈታችሁ እሰሩ። ሴቶች በተለይ። መንገድ ላይ ሰው ይረዳል፣ እውነት ነው፣ ግን ሰው የሌለበት ቦታም አለ።

ወረፋ ስለነበር ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ወሰደ። እትዬ ያን ጊዜ ምን እያደረጉ ነበር? ድፎ ዳቦውን ፈተዋል። ለልጃቸው የያዙትን! አንድ ሩቡን ቆርሰው፣ ፔርሙዛቸውን ከፍተው፣ ጎሚስታውን፣ ረዳቱን፣ ወረፋ የሚጠብቀውን ባለ አይሱዙ ሁሉ «ኑ ብሉ» ብለው ሰብስበዋል። ሲበሉ ባለ አይሱዙው ወደየት እንደምንሄድ ጠየቀን። «በጎተራ እንዳትሞክሩት፣ ቢከፈት እንኳ እስኪላቀቅ ይመሻል። በልደታ ጦር ኃይሎች ውጡና ቀለበት መንገዱን ይዛችሁ በለቡ ቃሊቲ ግቡ» አለን። ጎሚስታው ደግሞ ሳይጠየቅ የቀሩትን አራት ጎማዎች ነፋስ ለክቶ አስተካከለልኝ፣ ሒሳብም አልጨመረም። እኔ በሰዓት ስቆጥብ የነበርኩት ሴትዮ ካርታ ከስልኬ ላይ እያየሁ ነበር፣ መንገዱን ያገኙት ግን እትዬ ናቸው፣ በዳቦ።

ቀጥሎ ነዳጅ። ቅዳሜ ማታ መቅዳት ነበረብኝ፣ ወረፋውን አይቼ «ነገ ጠዋት ይቀለኛል» ብዬ ተውኩት። አልቀለለኝም። ተራችን ሲደርስ እትዬ ከመቀነታቸው የታጠፈ ብር አወጡ። «ይሄ የኔ ነው፣ ለቤንዚኑ።» «አይሆንም እትዬ!» «አንቺ ዝም በይ!» «በጊዮርጊስ!» «በማርያም!» ከኋላ መኪና ጥሩምባ ይነፋል። ቀጂዋ ጎንበስ ብላ «እማማ፣ በካሽ አንቀዳም» አለቻቸው። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ነዳጅ በስልክ ነው የሚከፈለው፣ እትዬ ደግሞ መኪና ስለሌላቸው የሰሙትም አልመሰሉም። እኔስ? ብሩ ባንክ ነው ያለኝ፣ ቴሌብር ላይ ያለው ለሁለት ሊትር አይበቃም። ከባንኩ ላስተላልፍ ስል ኔትወርኩ ይዞርብኛል። ከወረፋው ወጥተን፣ ጥግ ይዘን፣ አስር ደቂቃ ጠብቀን፣ ተመልሰን ተሰለፍን። እባካችሁ ብሩን ማታውኑ አስገቡ።

ጥግ ይዘን ስንጠብቅ ግን የገንዘቡን ነገር ጨረስነው። ከታላቅ ሰው ጋር ስለ ብር ማውራት ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ካልተወራ ደግሞ በየማደያውና በየሆቴሉ በር መገዘት ነው። «እትዬ፣ ነዳጅና የመንገድ ክፍያው የኔ ይሁን፣ ምግብና ማደሪያ ካስፈለገ የእርስዎ ይሁን» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ቡናውም የኔ ነው» አሉ። ከዛ በኋላ እስከምንመለስ አንድ ቀን አልተጨቃጨቅንም።

ልጃቸው እዛው ደወለች። «መንገድ ላይ ነን» አሏት።

ከከተማ ስንወጣ 9 ሰዓት ሊሆን ነው። ባለ አይሱዙው እንዳለን ሄድን፣ ልክ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ላይ ካርድ ተቀብለን ፈጣን መንገዱ ላይ ስንወጣ እትዬ ቀበቷቸውን አጥብቀው «አሁን ተነሳን» አሉ። እዚህ ላይ የምለው ብዙ የለኝም፣ መንገዱ ሦስት ሦስት መስመር ነው፣ ቀኝ ይዞ መሄድ ነው፣ ሲወጡ መክፈል ነው። አውቶማቲክ መኪና የለመደ የመሀል ከተማ ሾፌር ሊያስብበት የሚገባው ፍጥነቱን ነው፣ መንገዱ ሰፊ ስለሆነ 110 እየሄዳችሁ 60 ይመስላችኋል። ሞጆ ላይ ታጥፈን በመቂ በኩል ወደ ባቱ ያዝን።

ባቱ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። እኔ መቀጠል ፈልጌ ነበር። ሀዋሳ ለመድረስ የቀረን ከመቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ቢል ነው፣ ጠዋት ሙሉ ስላባከንኩ ደግሞ እልህ ይዞኛል። እትዬ ግን ውጭውን አዩና «አንቺ፣ ላም በጨለማ መብራት አታበራም። እዚሁ እንደር» አሉ። ልከራከር አልኩና ተውኩት። እውነታቸውን ነው። ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ላይ ከብቱም፣ የአህያ ጋሪውም፣ እግረኛውም አብሮ ነው የሚሄደው፣ እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብድግ ስል የዋልኩ ሰው ነኝ።

ማደሪያ ይዘን፣ እሳቸው ከፍለው፣ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ አዝዘን ስንጠብቅ ስልካቸው ጠራ። ልጃቸው። ድምፅዋ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። «እማዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ነን ትይኛለሽ፣ የት ናችሁ?»

እትዬ ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው አዩኝ።

«እንኪ» አሉኝ፣ «ቅቤው መፍሰሱንም አንቺው ንገሪያት።»